ሥዕሉን ያነሣችው ማን ናት?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር። ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪና የፎቶግራፍ ክበብ አባል።)



በዚህ የደስታ ሳምንት ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ብዙ ተነግሯል፤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ተናጋሪዎችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጊዜያችሁን በከንቱ እንዳላጠፋ ነገሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ከልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፎች አንዱን ያላየ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይገኛልን? አባቱ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ልዑል ኀዘን ባጠላበት ዐይኑ ሲመለከተን ልቡ የማይነካ ኢትዮጵያዊ የሚኖር አይመስለኝም። ስለ ሕፃኑ እናውቃለን፤ ስለ አባቱም እናውቃለን። ነገር ግን ያን ኀዘን በመስተዋት ላይ ቀርጾ ለእኛ ያቆየው እጅ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለጥቂት ጓደኞቼ ባቀርብላቸው አንዱ «አንድ የእንግሊዝ ወታደር ይሆናል» አለኝ፤ ሌላው «የንግሥቲቱ ፎቶግራፍ አንሺ ይሆናል» አለኝ። ሴት ትሆናለች ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በ1868 ዓ.ም. (ዛሬ የምጠቅሳቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጋችሁ ያዙልኝ) ልዑል ዓለማየሁ ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ሳለ በካሜራዋ ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ነበረች።

የዛሬው ንግግሬ እንደዚህ ስላሉ ሴቶች ነው። እነርሱ ካሜራ ይዘው የዓለምን መልክ ለእኛ አቆዩ፤ ዛሬ ሁላችን ዕውቀት በምንቀዳበት በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ግን የብዙዎቹ ስም ወይ ጨርሶ የለም፥ ወይ በግማሽ መስመር ታልፏል። ይህ ጉድለት ከየት እንደ መጣና እኛ ተማሪዎች እንዴት ልናቃናው እንደምንችል በአጭሩ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መዝገቡ ራሱ ጥቂት ልበል። ዊኪፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት በጥር ወር 2001 ዓ.ም. ተጀመረ። ዱሮ መዝገበ ዕውቀት ማለት ጥቂት ሊቃውንት የሚጽፉት፥ በብዙ ጥራዝ የሚታተም፥ ገንዘብ ያለው ብቻ የሚገዛው ነበር። ይህኛው ግን ማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚያነበው፥ ማንም ሰው ደግሞ ሊጽፍበትና የሌላውን ስሕተት ሊያርምበት የሚችል ነው። በእንግሊዝኛ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ በእኛ በአማርኛው ግን ያሉት ወደ ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ናቸው። የቤት ሥራ ሲሰጠን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያ ነው። ጋዜጠኛውም ይጠቅሰዋል፤ ጥያቄ ስንጠይቃቸው የሚመልሱልን የዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሳይቀሩ ከዚያው ይማራሉ። እንግዲህ በዚያ መዝገብ ያልተጻፈ ሰው ለሚመጣው ትውልድ እንዳልኖረ ሊቆጠር ምን ቀረው?

ታዲያ በዚያ መዝገብ የተጻፉት እነማን ናቸው? በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሕይወት ታሪካቸው ከተጻፈላቸው ሰዎች መካከል በ2015 ዓ.ም. ገደማ ሴቶቹ ከመቶ ወደ 16 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት «ዊሜን ኢን ሬድ» የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተነሥቶ የጎደሉትን መጻፍ ጀመረ። ስሙ የመጣው ከመዝገቡ ልማድ ነው፤ ገና ጽሑፍ ያልተዘጋጀለት ስም በቀይ ቀለም ይታያልና፥ ቀዩን ስም ወደ ሰማያዊ መለወጥ ዓላማቸው ሆነ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ዛሬ ቁጥሩ ከመቶ ወደ 20 ደርሷል። ይህም ማለት አምስት ሰዎች ቢሰለፉ አሁንም አራቱ ወንዶች ናቸው። የሚጽፉትም ቢሆኑ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ጸሐፊዎች ሴቶቹ ዘጠኝ ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ጸሐፊዎቹ ሴትን የሚጠሉ ናቸው» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። መዝገበ ዕውቀት የሚጽፈው ቀድሞ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ስሙ በመዝገቡ የጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ ስሙ የጠፋው ከመዝገቡ በፊት ነው። የፎቶግራፍ አንሺዎች ስም እንዴት እንደሚጠፋ በሦስት ሴቶች ታሪክ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያዋ በ1799 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተወለደችው አና አትኪንስ ናት። ይህች ሴት የዕፀዋትን ነገር ትመረምር ነበር። በ1842 ዓ.ም. ሰር ጆን ኸርሸል የተባለው ሊቅ ሰማያዊ የፎቶግራፍ ኅትመት ፈለሰፈ። ወረቀቱ ብረት ባለበት መድኃኒት ይቀባል፤ በላዩ የሚፈለገው ነገር ይቀመጣል፤ ከዚያ ፀሐይ ይሞቃል፤ በውኃ ሲታጠብም ፀሐይ ያገኘው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ የተሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አትኪንስ ይህን ጥበብ ተጠቅማ በባሕር ውስጥ የሚበቅሉትን ዕፀዋት አንድ በአንድ በወረቀት ላይ እየዘረጋች አተመች፤ የመጽሐፏንም የመጀመሪያ ክፍል በ1843 ዓ.ም. አወጣች። ሥራውን እስኪፈጸም ድረስ ዐሥር ዓመት ደከመችበት። በፎቶግራፍ የተሠሩ ሥዕሎችን ይዞ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በብዙ መጻሕፍት እንደ ቀዳሚ ሆኖ ሲጠቀስ የኖረው በ1844 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የታልቦት መጽሐፍ ነበር። ለምን ቢባል አትኪንስ በመጽሐፏ መግቢያ ላይ የፈረመችው ሙሉ ስሟን ሳይሆን የስሟን ሁለት የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ነበር። ከሞተች በኋላ መጽሐፉን ያገኘ አንድ ሰብሳቢ እነዚያን ሁለት ፊደሎች ሲተረጉም «ስሙ ያልታወቀ አማተር» ማለት ይሆናል ብሎ ገመተ! እነሆ፥ የዐሥር ዓመት ድካም በሁለት ፊደል ምክንያት ባለቤት አጣ።

ሁለተኛዋ ጌርዳ ታሮ ናት። በ1910 ዓ.ም. በጀርመን አገር ስትወለድ ስሟ ጌርታ ፖሆሪለ ነበር። አይሁዳዊት ስለ ነበረች የሂትለር መንግሥት ሲነሣ ወደ ፓሪስ ሸሸች። በዚያም ከሃንጋሪያዊው ጓደኛዋ ከኤንድሬ ፍሪድማን ጋር ሆና «ሮበርት ካፓ» የሚል ስም ፈጠሩ፤ ፎቶግራፎቻቸውንም በዚያ ስም መሸጥ ጀመሩ። ስሙ ለሁለቱም ሥራ ያገለግል የነበረ ቢሆንም ኋላ ላይ የእርሱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ እርሷም ታሮ የሚለውን ስም ያዘች። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከወታደሮቹ ጋር ጦር ሜዳ ውላ ፎቶግራፍ ስታነሣ ቆየች፤ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. ብሩኔቴ በተባለው ስፍራ ታንክ ገጭቷት በማግሥቱ ሞተች። ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላት የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ካፓ በዓለም ሁሉ ሲታወቅ እርሷ «የካፓ ወዳጅ» ተባለች፤ ካነሣቻቸውም ፎቶግራፎች ብዙዎቹ በእርሱ ስም ተመዝግበው ኖሩ። በ2007 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ ተቀምጠው የኖሩ፥ የሁለቱና የጓደኛቸው የዴቪድ ሲሞር ወደ 4,500 የሚጠጉ ኔጌቲቮችን የያዙ ሣጥኖች ወደ ኒው ዮርክ መጡ። ሊቃውንት እያንዳንዱን ፊልም መርምረው የትኛው የማን እንደ ሆነ መለየት ቻሉ። ሰባ ዓመት ቆይቶም ቢሆን እጁና ስሙ ተገናኙ።

ሦስተኛዋ በ1913 ዓ.ም. በህንድ አገር የተወለደችው ሆማይ ቪያራዋላ ናት። የህንድ የመጀመሪያዋ ሴት የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ እርሷ ስትሆን፥ ሳሪዋን ለብሳ ከባዱን ካሜራ ተሸክማ የአገሯን ነፃነት መውጣትና የማሃትማ ጋንዲን የቀብር ሥነ ሥርዓት አንሥታለች። ነገር ግን ሥራ ስትጀምር ፎቶግራፎቿ ይታተሙ የነበሩት በባሏ ስም ነበር፤ የማትታወቅ ሴት ነበረችና። ደግነቱ ዕድሜዋ ረዘመ፤ አገሯ ከታላላቅ ኒሻኖቿ አንዱን በ2011 ዓ.ም. ሸለመቻት፤ እርሷም በማግሥቱ ዓመት በ98 ዓመቷ ዐረፈች።

ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር አሁን ካሜሮንን አስተያዩልኝ። ካሜሮን ካሜራ ያገኘችው በ1863 ዓ.ም.፥ በ48 ዓመቷ፥ ከልጇና ከልጇ ባል በስጦታ ነበር። የዶሮ ቤቷን ፎቶ ቤት፥ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል አድርጋ ሥራ ጀመረች። በዚያን ጊዜ መስተዋቱ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት፤ የሚነሣውም ሰው ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ግዴታው ነበር። በዘመኗ የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ሥዕሏ አይጠራም፥ ይደበዝዛል» እያሉ ይነቅፏት ነበር። እርሷ ግን አላፈረችም፤ በሥራዋ ላይ ስሟን ትፈርም ነበር፤ ብዙዎቹንም በለንደን በባለቤትነት መዝገብ ታስመዘግብ ነበር። ዛሬ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ የዓለማየሁን ፎቶግራፍ ያነሣችው እርሷ እንደ ሆነች በርግጥ ለመናገር የቻልነው ስለዚህ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንዴት እውነት ነው!

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የቤታችንን ታሪክ ልጨምር። የእናቴ አክስት፥ እኔ እማማ የምላቸው፥ ባለቤታቸው በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ባለፈው ክረምት የቤተሰባችንን ፎቶግራፎች ከሣጥን አውጥተን ስንመለከት የአንዲት ሙሽራ ፎቶግራፍ እጄ ገባ። ብርሃኑ በአንድ ወገን ጉንጭዋ ላይ ብቻ ዐርፏል፤ ዐይኖቿም ወደ ታች አይተዋል። በፎቶግራፍ ክበባችን ስንት ጊዜ ሞክረን ያቃተን ዐይነት ብርሃን ነው።

«እማማ፥ ይህን ማን አነሣው?» አልኋቸው።

«እኔ ነኛ! ማን ሊያነሣው ኖሯል?» አሉኝ።

ገልብጬ ጀርባውን ባየው ማኅተሙ የባለቤታቸው ስም ነው።

«ታዲያ የእርስዎ ስም የታለ?»

ሣቅ አሉና፥ «ቤቱ የእሳቸው ነበር፤ እጁ የእኔ ነበር። ሙሽሮቹ በወንድ ፊት ያፍሩ ስለ ነበር የማነሣቸው እኔ ነኝ። ፊልሙንም ማታ ማታ አጥብ የነበርሁት እኔ ነኝ። ማኅተም ግን አንድ ብቻ ነበረን» አሉኝ።

አውሮፓዊቱ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ ሥራዋን ተከታትሎ ማግኘት ያስቸግራል፤ አና አትኪንስም በአባቷ ቤት ሳለች አና ቺልድረን ነበረች። በእኛ አገር ግን ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም። ስለዚህ «ይህ ችግር እኛን አይነካም» ብዬ አስብ ነበር። ያ ማኅተም ግን አሳብ አስለወጠኝ። ስማችንን ባንለውጥም ካልጻፍነው ያው ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ተነሥቼ ስለ እማማ በዊኪፔዲያ ልጽፍ አሰብሁ። ደንቡን ሳነበው ግን እንደማይቻል ተረዳሁ። አንደኛ፥ መዝገቡ የሚቀበለው በታመነ መጽሐፍ፥ በጋዜጣ ወይም በሙዚየም የተጻፈውን ነው እንጂ የቤተሰብን ወሬ አይደለም። ሁለተኛ፥ ሰው ስለ ገዛ ዘመዱ እንዲጽፍ አይመከርም፤ ፍቅር ያዳላልና። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ደንቡ ትክክል ነው። እንዲያ ባይሆን እያንዳንዱ ሰው አያቱን ጀግና፥ አጎቱን ሊቅ እያደረገ መዝገቡን ባበላሸው ነበር።

ይሁን እንጂ ጥሩ ደንብም ቢሆን በተጓደለ ማስረጃ ላይ ሲሠራ ፍርዱ ይጓደላል። ይህም የፎቶግራፍ አንሺዎች ብቻ ዕጣ አይደለም። ዶና ስትሪክላንድ የተባለችው የካናዳ የፊዚክስ ሊቅ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዊኪፔዲያ ጽሑፍ አልነበራትም። በዚያው ዓመት አንድ ሰው ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቢያቀርብ «በቂ ማስረጃ አልተጠቀሰም» ተብሎ ተመልሶበት ነበር። ጋዜጣው ስለ እርሷ ስላልጻፈ መዝገቡ አልጻፈም፤ መዝገቡ ስላልጻፈ ደግሞ የሚቀጥለው ጋዜጠኛ አላገኛትም። ክቡ የሚዞረው እንደዚህ ነው። ይህን ክብ የሚሰብረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ተነሥቶ በርግጠኛ ማስረጃ የሚጽፍ ሰው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሁለት ተቃውሞ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ዋናው ሥራው ነው፥ የአንሺው ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉትን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ንጉሥ፥ ቅኔ የተቀኘው መምህር ስማቸው ሲነሣ ይህን ብላችሁ ታውቃላችሁን? ስም የማያስፈልገው የሴት ሲሆን ብቻ ነውን? ሁለተኛው ተቃውሞ «ሴት ስለ ሆነች ብቻ ትጻፍ ማለት አድልዎ ነው» የሚል ነው። እኔም አድልዎ ነው እላለሁ፤ ማንም ግን እንደዚያ አላለም። መለኪያው ዝቅ ይበል አንልም፤ ወንዱን ፍለጋ የምንቆፍረውን ያህል ሴቲቱንም ፍለጋ እንቆፍር እንጂ። የታሮ ኔጌቲቮች ከሣጥኑ የወጡት በችሮታ አይደለም፤ የራሷ ሥራ ስለ ሆኑ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምናደርገውን በአምስት ነጥብ ላስቀምጠው።

አንደኛ፥ ከትንሽ እንጀምር። አዲስ ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት ያለውን እንመርምር። ስለ አንድ ታሪክ በተጻፈው ውስጥ ፎቶግራፍ ገብቶ የአንሺው ስም ከሌለ፥ ስሙን ከነማስረጃው መጨመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስለ ልዑል ዓለማየሁ በሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ከሥዕሉ ሥር «በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተነሣ፥ 1868» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ነገር ግን አንድን ሰው ወደ ቦታው ይመልሳል።

ሁለተኛ፥ ማስረጃ እንሰብስብ። ስለ አንዲት ሴት ከመጻፋችን በፊት ከእርሷም ከዘመዶቿም ያልመጣ፥ ሌላ ሰው የጻፈው ሁለት ሦስት ምንጭ ይኑረን። ሥራዋን የሚሸጥ ነጋዴ የጻፈው ማስታወቂያ ማስረጃ አይሆንም። ከእኛ አገር ለምሳሌ አይዳ ሙሉነህ አሉ። በ1974 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በአሜሪካ አገር በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፥ በ2010 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ የመሠረቱ ናቸው። ስለ እርሳቸው ብዙ ስለ ተጻፈ ጸሐፊው አይቸገርም። በዚያ በዓል ሥራቸውን ካሳዩት ሴቶች መካከልስ ስማቸው በጋዜጣ የወጣ፥ በመዝገቡ ግን ያልገባ የለምን? ፍለጋውን ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ሦስተኛ፥ አጻጻፋችን የመዝገብ አጻጻፍ ይሁን። «ድንቅ፥ ተወዳዳሪ የሌላት፥ እንቁ» የሚሉት ቃላት ለሠርግ ንግግር እንጂ ለመዝገብ አይሆኑም። የት ተወለደች? ከማን ተማረች? በምን መሣሪያ ሠራች? ምን አነሣች? ሥራዋ ዛሬ የት ይገኛል? ይህን ብቻ በቀጥታ እንጻፍ። ደግሞም ጽሑፉ «የእገሌ ሚስት» ብሎ አይጀምር፤ ስለ ወንዱ ስንጽፍ «የእገሊት ባል» ብለን አንጀምርምና። ትዳሯ በቦታው ይነገራል፤ ከሥራዋ ግን አይቅደም።

አራተኛ፥ መንገድ እናውጣለት። በመዝገቡ ሌላ ጽሑፍ የማያመለክተው ጽሑፍ መንገድ የሌለው ቤት ማለት ነው፤ ጎብኚ አይደርስበትም። ስለዚህ የሴቲቱ ስም በተወለደችበት ከተማ፥ በፎቶግራፍ ታሪክና ባነሣችው ሁኔታ ጽሑፍ ውስጥ በተገቢው ቦታ ይግባ።

አምስተኛ፥ የሰው ንብረት አንውሰድ። ከኢንተርኔት ያገኘነውን ፎቶግራፍ ሁሉ አንሥቶ መለጠፍ ሌብነት ነው። ዱሮ የሞቱት የነካሜሮንና የነአትኪንስ ሥራ ለሁሉም የተፈቀደ ሆኗል፤ በሕይወት ያለች አንሺ ሥራ ግን በፈቃዷ ብቻ ነው። እኛ ራሳችን ያነሣነውን ግን «ዊኪሚዲያ ኮመንስ» ለተባለው የሥዕል ግምጃ ቤት ከነስማችን ልንሰጥ እንችላለን። የከተማችንን ገበያ፥ ድልድይና አሮጌ ቤቶች አንሥተን ብንሰጥ በአማርኛም በሌላም ቋንቋ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ከሥሩም የአንዲት የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ስም ይኖራል።

ስለ እማማስ? ስለ እርሳቸው በመዝገቡ መጻፍ ባልችልም ሌላ ሥራ አለኝ። የሚነግሩኝን በድምፅ መቅጃ እየቀዳሁ ነው። ከፎቶግራፎቹ ጀርባም፥ ከማኅተሙ በታች፥ በእርሳስ «አንሺዋ እርሳቸው ናቸው» ብዬ ስማቸውንና ዓመቱን እየጻፍሁ ነው። ምናልባት አንድ ቀን አንድ የታሪክ ተመራማሪ የዚያን ከተማ ፎቶ ቤቶች ታሪክ ሲጽፍ ያገኘው ይሆናል፤ ከመጽሐፉም ወደ መዝገቡ ይገባ ይሆናል። ወንዝ የሚጀምረው ከምንጭ ነው፤ ምንጩን ሳይጠርጉ ወንዙን ደረቅህ ብሎ መውቀስ ከንቱ ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት እመለሳለሁ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የትምህርት ቤታችንን የቀድሞ መጽሔቶች ከቤተ መጻሕፍቱ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። የኳስ ቡድናችን አለ፤ የተሰናባቾች ተማሪዎች ፎቶግራፍ አለ፤ ዛፍ የተተከለበት ቀን አለ። ከየሥዕሉ ሥር የቆሙት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ በጥንቃቄ ተጽፏል። የአንሺው ስም ግን በአንዱም ሥር የለም። በቅርቦቹ ዓመቶች ደግሞ ካነሣናቸው ብዙዎቹ የክበባችን ልጃገረዶች እንደ ነበርን አውቃለሁ፤ የታተመው ግን «በፎቶግራፍ ክበብ» ተብሎ ነው። ከኀምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ይህን መጽሔት ከፍቶ «ይህን ማን አነሣው?» ቢል የሚመልስለት የለም። ስለ ካሜሮን በቁጭት የምንናገር እኛ በገዛ ቤታችን የአትኪንስን ሁለት ፊደል እንኳ አልጻፍንም!

ስለዚህ ለበዓሉ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ አንድ ልመና አቀረብሁ፤ ኮሚቴውም በደስታ ተቀበለኝ። ዘንድሮ በሚታተመው መጽሔት ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የአንሺዋ ወይም የአንሺው ሙሉ ስም ይጻፋል። የፎቶግራፍ ክበብና የቤተ መጻሕፍት ክበብም ከመጪው ወር ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ተሰብስበው በአማርኛው መዝገብ እንዲጽፉ መምህራችን ፈቅደውልናል። እያንዳንዳችን በዚህ ዓመት ስለ አንዲት ሴት ፎቶግራፍ አንሺ በማስረጃ የተደገፈ አንድ ጽሑፍ ብቻ ብንጽፍ ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፥ ለአንዱ ከባድ የሆነው ለሁላችን ቀላል ነው። ወንዶች ጓደኞቼም «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ የሙሽራይቱ ፎቶግራፍ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አለ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንዱን አውጡና ገልብጡት፤ ከዚያም አያታችሁን «ይህን ያነሣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እኔ ነኛ!» የሚል መልስ ብትሰሙ እርሳስ አንሡ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን በራሱ አይደለም፤ የሚጽፈው ሰው ሲገኝ ነው።